የባሕርን ወለል በመኪና ስለ መመርመር

(ከ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ርእሴን ለክፍል ጓደኞቼ በነገርኋቸው ጊዜ ሳቁብኝ። «ከአራዳ ጊዮርጊስ እስከ ፒያሳ ድረስ ባሕር የት አየህ?» አሉኝ። እውነት ነው፤ ኤርትራ ነጻ ከሆነችበት ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ አገራችን የባሕር ጠረፍ የላትም። ነገር ግን ዓሣ እንበላለን።

ድሮ የባሕርን ወለል ለማወቅ የሚሹ ሊቃውንት ከመርከብ ላይ መረብ ጥለው ይጐትቱ ነበር። መረቡ ያገኘውን ሁሉ ቀጥቅጦና ደባልቆ ያወጣዋል፤ የትኛው እንስሳ ከየትኛው ጐን ይኖር እንደ ነበር የሚናገር አይገኝም። ዛሬ ግን ሰው የማይሳፈርበት መኪና በገመድ ታስሮ ይወርዳል። በገመዱ ኃይልና ትእዛዝ ይወርዳል፣ ሥዕል ይወጣል፤ የራዲዮ ሞገድ በባሕር ውሃ ውስጥ ሩቅ አይሄድምና። በየ10 ሜትሩ የውሃው ጫና በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ያህል ስለሚጨምር፣ መኪናው የሚደርስበት ጥልቀት ዋናተኛ የሚደፍረው አይደለም።

እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ የልኬቱ ዘዴ ነው። ከመኪናው ሁለት ቀጫጭን ጨረሮች፣ ብዙ ጊዜ በ10 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው፣ ወደ ወለሉ ይወርዳሉ። ሁለቱ ነጥቦች በፎቶግራፉ ላይ ስለሚታዩ እንስሳውን ሳይነኩ ርዝመቱን ማወቅ ይቻላል። መኪናው በቀጥታ መሥመር እየሄደ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ሊቃውንቱም በመሥመሩ ላይ ያለውን አንድ በአንድ ይቈጥራሉ።

በ2020 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ፣ በዚህ ዓይነት መኪና በ1,770 ሜትር ጥልቀት እጅግ ጨዋማ የሆኑ ኵሬዎች ተገኙ። በኵሬዎቹ ውስጥ ኦክሲጅን የለም፤ በዳራቸው ግን ዓሦች ያደናሉ።

ታዲያ ይህ መኪና ለጣና ይበጃልን? እኔ አይመስለኝም። ጣና ጥልቀቱ 15 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ውሃውም በደለል የደፈረሰ ነው። በእንጦጦ ጉም ውስጥ የአውቶሞቢል መብራት ነጭ ግድግዳ ብቻ እንደሚያሳይ፣ እዚያም ካሜራው ደለሉን ብቻ ያሳየናል። የመቍጠሩን ልማድ ግን ልንወስደው እንችላለን። በጣና በሌላ ስፍራ የማይገኙ ከ10 የሚበልጡ የባርበስ ዓሣ ዓይነቶች አሉ። ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ፤ መረብም በወንዞቹ አፍ ይጠብቃቸዋል። በሞተር ጀልባ ለንግድ ማጥመድ በ1986 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከተጀመረ ወዲህ እጅግ ማነሳቸው የታወቀው፣ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ መጀመሪያና መጨረሻ በሐይቁ ላይ ቈጥረው ስላመዛዘኑ ነው።

ሁለቱ ነጥቦች በፎቶግራፍ ላይ ምን እንደሚመስሉ በሰሌዳው ላይ ሥዬአለሁ፤ ከኋላ ያላችሁ ቀርባችሁ ብታዩ ደስ ይለኛል።