ሳይሾሙ የተወረሱ ሥልጣኖች፦ በኦንላይን ማኅበሮቻችን ስለሚወርድ ፈቃድ
(በአርባ ምንጭ ለሕዝብ የቀረበ ዲስኩር)



ዛሬ የምናገረው ሁላችንም በየዕለቱ ስለምንጠቀምበት፣ ግን ጠብ እስኪነሣ ድረስ ልብ ስለማንለው ነገር ነው። በቴሌግራም ግሩፕ ወይም በዲስኮርድ ሰርቨር ውስጥ ማን ምን እንደሚያይ፣ ማን እንደሚጽፍ፣ ማን ማንን እንደሚያስወጣ የሚወስን ፈቃድ አለ። ከፈቃዶቹ ብዙዎቹን ማንም አስቦ አልሰጣቸውም፤ ከላይ ወደ ታች ወርደው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ተላልፈው የመጡ ናቸው። የዲስኩሬ ፍሬ ነገር አንድ ነው፦ የተወረሰ ፈቃድ በየጊዜው ጉባኤ ፊት ቀርቦ ካልተመረመረ፣ ማኅበሩን የሚገዛው ማንም የማያስታውሰው የድሮ ውሳኔ ይሆናል።

ይህን ጉዳይ እዚህ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የጋሞ ሕዝብ በትውልድ የሚመጣን ሥልጣንና በምርጫ የሚሰጥን ሥልጣን ጎን ለጎን አስኪዶ የኖረ ነው። ካዎ የሚባለው መሪ ከዘር ይመጣል፤ በኩር የአባቱን ቦታ ይይዛል፤ ስለ ዴሬው፣ ማለትም ስለ አገሩ፣ መሥዋዕት ያቀርባል። ሃላቃ የሚባለው ሹም ግን ተመክሮበት ይመረጣል፤ ድግሱን ይደግሳል፤ ግዴታውን ይወጣል፤ ጊዜው ሲደርስ ለተተኪው ይለቃል። ምክክሩ የሚካሄደው በዱቡሻ፣ በአደባባይ ነው። ፈረንሳዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ማርክ አቤሌስ ከአባያ ሐይቅ በላይ ባለችው በኦቾሎ ይህን የአደባባይ ፖለቲካ አጥንቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 መጽሐፍ አሳትሟል።

ከዚያ በኋላ ሌላዋ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ዴና ፍሪማን በጋሞ ደጋ በምትገኘው በዶኮ ያካሄደችው ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመው መጽሐፏ፣ ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅም ልዩነት አሳይቷል። የመሥዋዕቱ ሥርዓት በበኩርና በታላቅነት ተዋረድ የሚወርድ ስለሆነ እምብዛም ሳይለወጥ ቆየ። የሃላቃው ሹመት ግን በብዙ ተለወጠ። ሹመቱ በጉባኤ የሚመከርበት ስለነበር፣ ችግር በተነሣ ቁጥር ሰዎች ተቀምጠው ጥቂት ያሻሽላሉ፤ ጥቂቱ ሲጠራቀም ሥርዓቱን ሌላ አደረገው። የሚመከርበት ነገር ይታረማል፤ የማይመከርበት እንዳለ ይወረሳል።

አሁን ወደ ስልካችን እንምጣ። ፊንላንዳዊው ያርኮ ኦይካሪነን እ.ኤ.አ. በ1988 አይአርሲ የተባለውን የጽሑፍ መወያያ ሲሠራ፣ ቻናል ውስጥ ቀድሞ የገባ ሰው የቻናሉ ኦፕሬተር ይሆን ነበር። ቀድሞ መድረስ ሥልጣን ሆነ። በቴሌግራምም ግሩፑን የከፈተ ሰው ባለቤቱ ነው፤ ማኅበሩ ሊቀመንበር ቢመርጥም ባይመርጥም። ባለቤቱ አድሚን ይሾማል። አድሚኑ አዲስ አድሚን የመጨመር ፈቃድ ከተሰጠው እሱም በተራው ይሾማል፤ ከራሱ በላይ መስጠት አይችልም፣ ያለውን ግን ማካፈል ይችላል። የአድሚኖቹን ዝርዝር ብትከፍቱ ከየስሙ ሥር ማን እንደሾመው ተጽፎ ታገኛላችሁ። በብዙ ግሩፖቻችን ይህ ዝርዝር የዘር ሐረግ ነው፤ የተሿሚው ሿሚ ተመርቆ ሄዷል፣ ወይም አገር ለቋል፣ ወይም ከማኅበሩ ወጥቷል፤ ሹመቱ ግን ጸንቷል።

ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በ2022 ግሩፕን በቶፒክ መከፋፈል ሲፈቅድ ብዙዎች ለየክፍሉ የተለየ ደንብ ማውጣት የሚቻል መስሏቸው ነበር። አይቻልም። አንድ ቶፒክ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ ከዚያ በቀር አባላት መጻፍና ፎቶ መላክ መቻላቸው የሚወሰነው ለጠቅላላው ግሩፕ በተሰጠው ፈቃድ ነው። ቤቱ በርከት ያሉ ክፍሎች አሉት፤ ቁልፉ ግን አንድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው ዲስኮርድ ከዚህ የረቀቀ ነው፤ ስለዚህም የበለጠ ያሳስታል። በሰርቨሩ ላይ ለሁሉም አባል የሚሆን መነሻ ፈቃድ አለ። በላዩ ላይ ሮሎች፣ ማለትም በየኃላፊነቱ የሚሰጡ የፈቃድ ስብስቦች፣ ይደመራሉ። ቻናሎች በካቴጎሪ ይሰበሰባሉ፤ በአንድ ካቴጎሪ ሥር አዲስ ቻናል ሲከፈት የካቴጎሪውን ፈቃድ ይዞ ይወለዳል። ቻናሉ ከካቴጎሪው ጋር እንደተናበበ እስከቆየ ድረስ፣ ካቴጎሪው ሲለወጥ እሱም ይለወጣል። በቻናሉ ላይ አንዲት ነገር ለብቻ ከተነካች ግን መናበቡ ይቋረጣል፤ ከዚያ ወዲያ ከላይ የሚደረግ ማሻሻያ አይደርሰውም።

ይህ ምን እንደሚያስከትል በምሳሌ እንየው። አባላቱ በአርባ ምንጭ ሴቻና ሲቀላ፣ በቼንቻ፣ በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳና በውጭ አገር ያሉ አንድ የልማት ማኅበር አለ እንበል። በሰርቨሩ ላይ "ኮሚቴ" የሚል ካቴጎሪ ከፍቷል፤ ሥሩ "ቃለ ጉባኤ"፣ "ሽምግልና"ና "ሂሳብ" የሚሉ ቻናሎች አሉ። ካቴጎሪውን የኮሚቴ ሮል ካለው በቀር ማንም አያየውም። አንድ ቀን የሂሳብ ባለሙያ ለሳምንት እንዲያግዛቸው ጋበዙና "ሂሳብ" ላይ ብቻ በስሙ ፈቃድ ሰጡት። ሥራው አለቀ፣ ተመሰገነ፣ ሄደ። ስሙን ግን ከቻናሉ ማንም አልሰረዘውም።

ወራት አለፉ። ጠቅላላ ጉባኤው ኦዲተር መረጠ፤ አዲስ ሮል ተፈጠረለት፤ በካቴጎሪው ላይ ማየት እንዲችል ተፈቀደለት። ፈቃዱ ወደ "ቃለ ጉባኤ"ና ወደ "ሽምግልና" ወረደ፤ ወደ "ሂሳብ" አልወረደም፤ መናበቡ ቀድሞ ተቋርጧልና። እንግዲህ ኦዲተሩ የቤተሰብ ሽምግልና ሁሉ ያነብባል፣ የተመረጠበትን ሂሳብ ግን አያይም። ከሥራው የተሰናበተው ባለሙያ ደግሞ እስከ ዛሬ ያየዋል። በዚህ ማኅበር ውስጥ ክፉ ሰው የለም፤ ሌባም የለም። ነገር ግን ኦዲተሩ "ደበቁኝ" ይላል፣ ገንዘብ ያዡ "ተጠረጠርኩ" ይላል፣ ጠቡ ከስልክ ወጥቶ ለቅሶ ቤት ይደርሳል።

ስለ ክልከላም ጥቂት ልበል። በዲስኮርድ አንድ ፈቃድ በየቻናሉ ሦስት ሁኔታ አለው፦ ተፈቅዷል፣ ተከልክሏል፣ ወይም ከላይ የመጣው ይጽና። አንድ አባል ሁለት ሮል ቢኖረውና በአንድ ቻናል ላይ አንዱ ሮል ቢከለክለው፣ ሌላው ቢፈቅድለት፣ የፈቀደው ያሸንፋል። ለሰውየው በስሙ የተጻፈ ክልከላ ከሆነ ግን የሮሎቹን ፈቃድ ሁሉ ይሽራል። "አድሚኒስትሬተር" የሚለው ፈቃድ ያለው ሰው ደግሞ የትኛውም የቻናል ክልከላ አይነካውም። ስለዚህ "ዘግተነዋል" ብሎ ማመን አይበቃም፤ ለማን እንደተዘጋ መፈተሽ ያስፈልጋል።

የተወረሰ ክልከላ ከተወረሰ ፈቃድ ይልቅ ይከብዳል። የዱቡሻን ሥርዓት ስናወድስ ይህንንም መናገር አለብን፦ በጥንቱ ደንብ የሚናገሩት ማላ ከሚባለው ወገን ወንዶቹ ብቻ ነበሩ። ሴቶችና በሸክላ፣ በቆዳ ሥራ የሚተዳደሩት ማናና ደጋላ ውጭ ቀርተዋል። ከመካከላቸው አንዱም ጥፋት ፈጽሞ አልተከለከለም፤ ተወልዶበት ነው። የአባት ዕዳ ለልጅ እንዲሉ። በዛሬው ግሩፕም አዲስ አባል የማያውቀው፣ ያልሠራው፣ ግን አፉን የሚይዘው ክልከላ ያጋጥመዋል፤ ከዓመታት በፊት ስለ አንድ ሰው ጥፋት የወጣ ደንብ ከሰውየው መባረር በኋላም ሁሉንም እንደያዘ ይኖራል። የተፈቀደለት ሰው ሊናገር ስለሚችል ስሕተቱ ይታያል። የተከለከለው ግን መከልከሉን የሚናገርበት ቻናል እንኳ ላይኖረው ይችላል።

ፈቃድና ተሰሚነት አንድ አለመሆናቸውንም ይህች ከተማ አይታለች። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች ሲገደሉ እዚህ አርባ ምንጭ ውስጥ ወጣቶች ለበቀል ተነሥተው ነበር። አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው መለሷቸው። የሚጫኑት ማጥፊያ፣ የሚዘጉት ግሩፕ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው በሕዝብ ፊት ዕድሜ ልክ ሲመዘን የኖረ ቃል ነው። አድሚን መልእክት ማጥፋት ይችላል፤ ሰው ግን የሚሰማው ለምን እንዳጠፋ ሲነግረውና ሥልጣኑን ከማን እንዳገኘ ሲያውቅ ነው።

ነገሩ የሕግም ጉዳይ ሆኗል። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ወንጀል አድርጓል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን የግል መረጃ በሚይዝ ላይ ግዴታ ጥሏል። የአባላት ስልክ ቁጥር፣ የመዋጮ ደረሰኝና የሕመም እርዳታ ጥያቄ የሚለጠፍበት ቻናል ማን እንደሚያየው የማያውቅ ማኅበር "ወርዶ የመጣ ነው" ብሎ ከኃላፊነት አያመልጥም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሳይቃጠል በቅጠል ነውና አራት ነገሮችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከሥሩ ጥቂት ይሰጥ። የኮምፒውተር ተመራማሪዎቹ ጄሮም ሳልዘርና ማይክል ሽሮደር እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጡት ጽሑፍ፣ ነባሪው "አይቻልም" እንዲሆንና ለእያንዳንዱ ለሥራው የሚበቃው ያህል ብቻ እንዲሰጠው መክረዋል። ለሁሉም የሚወርደው መነሻ ፈቃድ ጠባብ ከሆነ፣ በኋላ የሚከፈተው እየታወቀ ይከፈታል።

ሁለተኛ፣ ልዩ ፈቃድ በተቻለ መጠን ለሰው ስም ሳይሆን ለኃላፊነት ይሰጥ። ገንዘብ ያዥ ሲቀየር ሮሉ ከአንዱ ተነሥቶ ለሌላው ይሰጣል፤ ፈቃዱን ቻናል በቻናል መልቀም አያስፈልግም። በስም የግድ ከተሰጠም የሚያበቃበት ቀን በቃለ ጉባኤ ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ ባለቤትነት ከምርጫው ጋር ይተላለፍ። ቴሌግራም የግሩፕን ባለቤትነት ለማስተላለፍ የባለቤቱ ባለ ሁለት ደረጃ ይለፍ ቃል ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት የተከፈተ እንዲሆን ይጠይቃል። እንግዲህ ርክክቡ የሚጀምረው ምርጫው ከመድረሱ በፊት ነው፤ ማኅተምና ደብተር ሲቆጠር ይህም አብሮ ይቆጠር።

አራተኛ፣ የፈቃዱ ዝርዝር በጠቅላላ ጉባኤ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ዲስኮርድ ሰርቨሩን በሌላ ሮል ዐይን ማየት ያስችላል፤ ከስብሰባው በፊት አንድ ሰው አንድ ጊዜ እንደ አዲስ አባል፣ አንድ ጊዜም እንደ ኦዲተር ሆኖ ይመልከት። ማን ምን እንደቀየረ የሚያሳየው መዝገብ በቴሌግራም 48 ሰዓት፣ በዲስኮርድ 45 ቀን ብቻ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ማስታወስ የሚችለው የእናንተ ቃለ ጉባኤ ነው።

ክቡራትና ክቡራን፤ መተዳደሪያ ደንባችሁን በሚቀጥለው ጊዜ ስታሻሽሉ "የኦንላይን ፈቃድ" የምትል አንድ አንቀጽ ጨምሩበት። በአንቀጹ ሥርም በየዓመቱ የሚመለስ አንድ ጥያቄ ይኑር፦ ይህን ሥልጣን ዛሬ እንደ አዲስ ብንሰጥ፣ ለዚህ ሰው እንሰጠው ነበር ወይ? መልሱ "አዎ" ከሆነ ይጽደቅለትና ከእንግዲህ የተሾመ ይሁን። "አይደለም" ከሆነ ተመስግኖ ይውረድ።