የላብ ዋጋና «እሺ» የሚል ቃል
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ስለ ማኅበራዊ ኑሮ በምታስተምረው ትምህርት፥ ይልቁንም ስለ ፍትሕና ስለ ምግባረ ሠናይ ባላት አሳብ ላይ ነው። ከመካከላችን ብዙዎቻችን የዚያች ቤተ ክርስቲያን ልጆች አይደለንም፤ እኔም ስለ ሃይማኖት ልከራከር አልመጣሁም። ነገሩን እንዳነሣ ያደረገኝ የቆሸሸ ሸሚዝ ነው።

ባለፈው ወር ልብሳችንን የምታጥብልን ሴት ዋጋ እንድንጨምርላት ጠየቀች። እኔም ስለ ክፍላችን ሆኜ ተከራከርኋትና በቀድሞው ዋጋ እንድትቀጥል አደረግኋት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «እሺ፥ ልጄ» ብላ ልብሱን ተሸክማ ሄደች። ጓደኞቼ አመሰገኑኝ፤ እኔም ኮራሁ። «ተስማምታለች፤ ማንም አላስገደዳትም» አልሁ። በዚያው ሳምንት የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛን መልእክት ሳነብ ይኸው አነጋገሬ ከነመልሱ ተጽፎ አገኘሁት።

መልእክቱ «ሬሩም ኖቫሩም» ይባላል፤ የወጣው በ1891 ነው። (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያን ጊዜ ብዙዎች የሚሉት፥ አሠሪና ሠራተኛ በደመወዝ ከተስማሙ፥ አሠሪውም የተስማሙበትን ከከፈለ፥ ፍትሕ ተፈጽሟል ነበር። ሊዮን ይህን አልተቀበለም። ሥራ ሁለት ጠባይ አለው ይላል። አንደኛ፥ የሠራተኛው የግል ኃይል ነው፤ በዚህ በኩል ብቻ ብናየው ሰው ጉልበቱን በፈለገው ዋጋ፥ በነጻም ቢሆን ሊሰጥ ይችላል። ሁለተኛው ግን፥ ድሃው ያለ ሥራው እንጀራ የለውም። ስለዚህ ከችግር የተነሣ ወይም የባሰ እንዳይመጣበት ፈርቶ «እሺ» ቢል፥ ቃሉ የስምምነት መልክ ይኑረው እንጂ እርሱ የግድ ተገዷል፤ ግፍም ተፈጽሞበታል። ከውሉ በፊት የሚቀድም የተፈጥሮ ፍትሕ አለ፤ ይኸውም ደመወዙ ቆጥቦ ለሚኖር ጨዋ ሠራተኛ ኑሮ የሚበቃ እንዲሆን ነው።

ይህ አሳብ ከቤተ መጻሕፍት ብቻ የወጣ እንዳይመስላችሁ። መልእክቱ ከመውጣቱ ከሁለት ዓመት በፊት፥ በ1889 በነሐሴ ወር፥ የሎንዶን ወደብ ተሸካሚዎች ሥራ አቆሙ። እነዚህ ሰዎች የሚቀጠሩት በሰዓት ነበር። ማለዳ በወደቡ በር ተኮልኩለው ይጋፋሉ፤ የተመረጠው ይገባል፥ ያልተመረጠው ጾሙን ወደ ቤቱ ይመለሳል። እንግዲህ በር ላይ የቆመ ሰው ስለ ዋጋ እንዴት ይከራከራል? የጠየቁት የሰዓቱ ክፍያ ከ5 ፔኒ ወደ 6 ፔኒ እንዲያድግ ነበር። የዌስትሚንስተሩ ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ማኒንግ በ81 ዓመታቸው ከአሠሪዎቹ ወደ ሠራተኞቹ፥ ከሠራተኞቹም ወደ አሠሪዎቹ እየተመላለሱ አስታረቁ። አድማው አምስት ሳምንት ያህል ከቆየ በኋላ 6 ፔኒው ተፈቀደ። ሽማግሌው ለረሃብተኞቹ ዳቦ አድለው ዝም ቢሉ ኖሮ ማንም አይነቅፋቸውም ነበር፤ እኔን የገረመኝም ይኸው ነው። ዳቦ መስጠት ምጽዋት ነው፤ 6 ፔኒው ግን የሚገባቸው ነበር።

በዚህ ላይ ምግባረ ሠናይ ምን ያገባዋል የሚል ይኖራል። በ13ኛው መቶ ዓመት የኖረው ቶማስ አኩዊናስ፥ የቀደሙትን ተከትሎ፥ ከአስተዋይነት፥ ከብርታትና ራስን ከመግዛት ጋር ፍትሕን ከአራቱ ዋና ዋና ምግባራት ይቆጥረዋል። ፍትሕ በእርሱ ዘንድ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ለመስጠት የጸና የማይለወጥ ፈቃድ ነው። «ፈቃድ» ማለቱን ልብ በሉ። ዳኛና ሕግ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው፤ በእኔና በልብስ አጣቢዋ መካከል ዳኛ የት ነበረ? ሦስቱ ምግባራት ይበልጡን የባለቤቱን ጠባይ ያቃናሉ፤ ፍትሕ ግን ሁልጊዜ ወደ ሌላ ሰው ይመለከታል። በመጠን እየበላሁ፥ በጊዜ እየተኛሁ፥ በትጋት እያጠናሁ ግፈኛ ልሆን እችላለሁ።

ነገር ግን ሊዮንን እንዳለ ልቀበለው አልችልም። በአሳቡ የሚታየው ሠራተኛ ሚስቱንና ልጆቹን የሚመግብ ወንድ ነው፤ ሴትን በተፈጥሮዋ ለቤት ሥራ የተገባች ያደርጋታል። የእኛዋ አጣቢ ልጆችዋን ብቻዋን የምታሳድግ ናት፤ በዚያ ሥዕል ውስጥ ስፍራ የላትም። እንግዲህ ሕጉን ወስደን ሥዕሉን ማስፋት የእኛ ፈንታ ነው።

ከክፍል ጓደኞቼ አንዱ «እኛስ ድሆች አይደለንም ወይ? ከየት አምጥተን እንጨምር?» አለኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ፒዮስ 11ኛ በ1931 ባወጡት መልእክት ደመወዝ ሲወሰን የሠራተኛው ቤተ ሰብ ኑሮ፥ የድርጅቱ አቅምና የጋራው ጥቅም አብረው እንዲታዩ ብለዋል፤ ድርጅትን የሚያፈርስ ደመወዝ መጠየቅም ግፍ መሆኑን አልሸሸጉም። ነገር ግን አሠሪው በራሱ ስንፍናና በመጥፎ አስተዳደር ያጣውን ከሠራተኛው ላይ ሊቀንስ አይገባውም ይላሉ። ይህን ካነበብሁ በኋላ የክፍላችንን ወጪ ቆጠርሁ። የእግር ኳስ ግጥሚያ ለማየት በወር የምናወጣው፥ ሴትዮዋ ከጠየቀችው ጭማሪ ይበልጣል።

ቅዳሜ ትመጣለች። ዋጋውን እርሷ ራሷ እንድትናገር ላደርግ አስቤአለሁ። በክፍላችን አራት ነን፤ ሁለቱ ገና አልተስማሙም። ከሁለቱም አንዱ ዛሬ እዚህ ከኋላ ተቀምጧል፤ የጥያቄውን ሰዓት እርሱ ቢጀምርልን ደስ ይለኛል።