የወጣቱን ተጫዋች ነገ መመዘን



በአሜሪካ የቤዝቦል ጨዋታ፣ ከመቺው ርቆ በሜዳው ጠርዝ የሚሰለፍ ወጣት ተከላካይ ለሙያው ይበቃ እንደሆነ የሚመረመረው በ5 ችሎታዎች ነው፤ እነርሱም ኳስን አዘውትሮ መምታት፣ አርቆ መምታት፣ ሩጫ፣ ኳስ መያዝና ውርወራ ናቸው። ለእያንዳንዱ ከ20 እስከ 80 ነጥብ ይሰጣል፤ 50 የታላቁ ሊግ ተጫዋቾች መካከለኛ ደረጃ ነው። መርማሪው አንድ ነጥብ ለዛሬው፣ ሌላ ነጥብ ለወደፊቱ ይጽፋል።

ሩጫን ሰዓት ይለካዋል። የወደፊቱን የሚለካ መሣሪያ ግን የለም፤ ስሕተትም የሚገባው በዚህ በኩል ነው።

የኒው ጀርሲው ማይክ ትራውት በ2009 እ.ኤ.አ. የ17 ዓመት ልጅ ነበር። ፍጥነቱና ጉልበቱ በግልጽ ይታይ ነበር። ይሁን እንጂ በአገሩ የጸደይ ወራት ቀዝቃዛ፣ የጨዋታውም ወቅት አጭር በመሆኑ፣ የተጋጣሚዎቹ ብቃት አጠራጣሪ ነበር። በዓመታዊው ምርጫ 24 ወጣቶች ቀድመውት ተጠሩ። በ25ኛነት የወሰደው የሎስ አንጀለስ ኤንጀልስ ክለብ ነው፤ መርማሪው ግሬግ ሞርሃርት ቀደም ሲል ከልጁ አባት ጋር በአንድ ቡድን ተጫውቶ ነበርና ቤተሰቡን ያውቅ ነበር። ትራውት በ2012 የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ፤ በ2014፣ በ2016 እና በ2019 ደግሞ የሊጉ ኮከብ ሆነ።

የክለቦቹ ጥርጣሬ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ደካማ ወርዋሪን ማሸነፍ ብዙ አያስረዳምና። ነገር ግን ጥርጣሬ ምርመራውን ሊያራዝም እንጂ የልጁን ነጥብ ሊቀንስ አይገባም። የአገሩ ብርድ የልጁ ጉድለት አይደለምና።