ያልታወቁት የአሜሪካ የወይን አገሮችና የአንድ ስደተኛ ሊቅ ትምህርት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



አንድ የውሃ መሐንዲስ ስለ ወይን ጠጅ ሊናገር ሲነሣ፣ የማኅበሩን መድረክ ያላገባብ ይዞታል የሚል ሐሳብ በአንዳንዶቻችሁ ዘንድ ሳያድር አይቀርም። እኔ ግን የቆምሁት መጠጥን ለማወደስ አይደለም። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» እንዲሉ፣ የአሜሪካ ወይን ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስበው ካሊፎርኒያን ብቻ ነው። ስማቸው እምብዛም የማይጠራ ሦስት ስፍራዎችን ባስጎበኛችሁ፣ ለሙያችን የሚበጅ ቁም ነገር እናገኝባቸዋለን ብዬ አምናለሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ችግሩን እንረዳ። ቶማስ ጄፈርሰን ከ1770ዎቹ ጀምሮ በቨርጂኒያ የአውሮፓን ወይን ለማልማት ደጋግሞ ሞክሮ አልሆነለትም። ከብርዱና ከሻጋታው በሽታ ሌላ፣ ፊሎክሴራ የተባለች ከዓይን የምትሰወር ነፍሳት ሥሩን ትበላበት ነበርና። የአሜሪካ የዱር ወይን ግን ከዚህች ጠላት ጋር አብሮ የኖረ ስለሆነ መቋቋሙን ያውቅበታል። ነፍሳቷ በ1860ዎቹ ውቅያኖስ ተሻግራ የፈረንሳይን ወይን ባጠፋች ጊዜ የተገኘው መፍትሔም ከዚሁ የመጣ ነው፤ የአውሮፓውን ቅርንጫፍ በአሜሪካው ሥር ላይ አጣብቆ ማብቀል።

የመጀመሪያው ስፍራችን ቴክሳስ ነው። በዴኒሰን ከተማ ይኖር የነበረው ቲ. ቪ. መንሰን የዱር ወይኖችን በማጥናትና ለሥር የሚሆኑትን ለይቶ በማሳወቅ ባደረገው እርዳታ፣ የፈረንሳይ መንግሥት በ1888 ኒሻን ሸልሞታል። ዛሬ የዚያ ክፍለ ግዛት ብዙው ወይን የሚበቅለው በለበክ ከተማ ዙሪያ፣ ወደ 1,000 ሜትር ከፍታ ባለው ደጋማ ሜዳ ላይ ነው። ቀኑ ቢያቃጥልም ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ፍሬው ኮምጣጣነቱን ሳያጣ ይበስላል፤ ይሁን እንጂ የበረዶ ዝናብና የጸደይ ውርጭ የዓመት ድካምን በአንድ ሌሊት ሊያጠፉት ይችላሉ።

ሁለተኛው ሚዙሪ ነው። በኸርማን ከተማ የሠፈሩ ጀርመኖች በ19ኛው ምዕት ዓመት ታላላቅ የወይን ጓዳዎችን በመሬት ውስጥ ገነቡ። ከ1920 እስከ 1933 የጸናው የመጠጥ ክልከላ ሕግ ግን ሥራውን አከሰመው፤ ስቶን ሂል የተባለው ታዋቂ ጓዳ እንኳ እንጉዳይ ማብቀያ እስከ መሆን ደርሶ፣ እንደገና ወይን የጠመቀው በ1965 ነው። ያም ሆኖ በ1980 የአሜሪካ መንግሥት የወይን አብቃይ ክልል ብሎ በሕግ ያወቀው የመጀመሪያው ስፍራ፣ ከናፓ ሸለቆ ቀድሞ፣ የሚዙሪው ኦገስታ ሆኗል። ኖርተን የተባለው ያገሬው ጥቁር ወይን ዛሬም የዚያ ምድር መታወቂያ ነው።

ሦስተኛው በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት የሚገኘው የፊንገር ሌክስ አካባቢ ሲሆን፣ ለዚህ ንግግር ያነሣሣኝም እርሱ ነው። ረጃጅሞቹን ሐይቆች የቆፈራቸው የጥንት የበረዶ ግግር ነው፤ ሴኔካ የተባለው ሐይቅ ወደ 188 ሜትር ይጠልቃል። የውሃን ሙቀት የመያዝ ችሎታ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ሐይቁ በበጋ ያከማቸውን ሙቀት በክረምት ቀስ በቀስ ይለቃል፤ ከባዱ ቀዝቃዛ አየርም በተዳፋቱ ላይ ወርዶ ከወይኑ ይርቃል። እንዲህም ሆኖ የአውሮፓ ወይን በዚያ ብርድ አይጸድቅም የሚለው እምነት ለረጅም ዘመን ጸንቶ ነበር።

በ1951 ኮንስታንቲን ፍራንክ የሚባል የዩክሬን ተወላጅ አሜሪካ ገባ። ዕድሜው ከሃምሳ ዓመት ያለፈ፣ በወይን እርሻ የዶክትሬት ማዕረግ ያለው ሊቅ ነበር፤ እንግሊዝኛ ግን አያውቅም። መጀመሪያ በምግብ ቤት ዕቃ አጠበ፤ ቀጥሎም በአንድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ መኮትኮቻ ተሰጠው። ከኒው ዮርክ የከፋ ብርድ ባለበት አገር ወይን አልምቻለሁ፤ ችግሩ ብርዱ ሳይሆን የተመረጠው ሥር ነው ቢል የሰማው አልነበረም። ያዳመጠው ቻርልስ ፉርኒዬ የተባለ ፈረንሳዊ የወይን ጠማቂ ነው፤ ሁለቱ በፈረንሳይኛ ተግባቡ። እንጨቱ ብርድ ሳይመጣ ቶሎ እንዲጠነክር የሚያደርግ ሥር ፈልገው ብዙ ሺህ ችግኝ ሞከሩ። በ1957 ክረምት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ የፍራንክ ሪዝሊንግና ሻርዶኔ ተርፈው አፈሩ። በ1962 በኪዩካ ሐይቅ ዳር የራሱን ጠመቃ አቋቋመ።

እኔም ይህን አገር በረገጥሁ ጊዜ ዲፕሎማዬን በሻንጣዬ ይዤ ሁለት ዓመት በመኪና ማቆሚያ ሌሊት ዘብ አድሬአለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት በአነጋገሬ ምክንያት ጥያቄዬን ሳይጨርስ አሰናበተኝ። በኋላ አንድ አዛውንት መሐንዲስ ስሌቴን ከፊቱ ዘርግቶ አነበበልኝ፤ እንጀራዬም ከዚያ ቀን ጀመረ። እኒሁ አዛውንት ናቸው ወደ ሴኔካ ወስደው ሪዝሊንግ ያቀመሱኝ። ጠጅ ለለመደ አፍ መጀመሪያ ስል ሆኖብኝ ነበር፤ ቆይቶ ግን ኮምጣጣውና ጣፋጩ በእኩል ሚዛን መቆማቸው ገባኝ።

ባልደረቦቼ ሆይ! ከመካከላችን መኮትኮቻ የተሰጣቸው ፍራንኮች ዛሬም ብዙ ናቸው። የጎደላቸው ዕውቀት አይደለም፤ በሚያውቁት ቋንቋ የሚያዳምጣቸው አንድ ፉርኒዬ ነው። ስለዚህ እያንዳንዳችን በወር አንዲት ምሽት ከአንድ አዲስ መጤ ባለሙያ ጋር ተቀምጠን ሥራውን እንድናይለት፣ ለፈቃድ ፈተናውም እንድናዘጋጀው ማኅበሩን እለምናለሁ። መልካም ሥር ያገኘ ቅርንጫፍ ክረምቱን ይሻገራልና።