እየሳቁ ገብቶ እየሳቁ መውጣት

አባቶቻችን «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላሉ። ይህን አነጋገር ብዙውን ጊዜ የምንጠቅሰው ስለ ሰው ጠባይ ስንናገር፥ ይልቁንም እያለዘበ የሚያታልል ወዳጅ ሲያጋጥመን ነው። ዛሬ ግን ምሳሌውን ትተን ወደ ራሱ ወደ ውኃው እንመለስ። የዛሬው ንግግራችን ውኃ ለጤንነታችን ስለሚሰጠው ጥቅም፥ እንዲሁም ሰው እየሳቀ ገብቶ እየሳቀ እንዲወጣ ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ ይሆናል።

የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት በወንበር ላይ ያሳልፋል። ከጧት እስከ ማታ በመዝገብና በኮምፒዩተር ላይ ያጎነበሰ ሰው ወገቡን ቢያመው፥ ትከሻው ቢደነድን፥ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ቢያጥረው የሚያስደንቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለዐዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ የሰውነት እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ሲል ይመክራል። ይኸውም በሳምንት አምስት ቀን ለ30 ደቂቃ ያህል መንቀሳቀስ ማለት ነው።

ለዚህ ተግባር ከሚስማሙት እንቅስቃሴዎች አንዱ ዋና ነው። ሰው እስከ አንገቱ ድረስ በውኃ ውስጥ ሲቆም ውኃው ወደ ላይ ስለሚያነሣው፥ እግሮቹ የሚሸከሙት የክብደቱን አንድ ዐሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ጉልበቱን የሚያመው፥ ሰውነቱ የከበደው ወይም ዕድሜው የገፋው ሰው በየብስ ላይ የሚያስቸግረውን እንቅስቃሴ በውኃ ውስጥ በቀላሉ ሊሠራው ይችላል። ውኃ ከአየር ይልቅ ለመግፋት የሚከብድ በመሆኑም ክንድና እግር፥ ጀርባና ደረት በአንድነት ይሠራሉ፤ ልብ ይበረታል፤ ሳንባም በሥርዓት መተንፈስን ይለምዳል። የልብ ሕመም፥ የደም ግፊት ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር ይገባዋል።

በውኃ ጤንነትን መፈለግ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ተራራ ወደ ሜዳው የሳባቸው ፍልውኃው ነበር። የሶደሬና የወንዶ ገነት ፍልውኃዎችም እስከ ዛሬ ድረስ ብዙ ሰው ይጎበኛቸዋል። ነገር ግን በፍልውኃ መታጠብ አንድ ነገር ነው፤ መዋኘት ደግሞ ሌላ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለች ከተማ፥ ከሐይቅ ርቀን ካደግነው መካከል ዋናን በሥርዓት የተማርን ጥቂቶች ነን። ዛሬ ግን መንገዱ ቀና ስለ ሆነ፥ ለስብሰባም ሆነ ለበዓል ዕረፍት በጥቂት ሰዓት ቢሾፍቱ፥ ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ እንደርሳለን። አደጋውም የሚያደባው በዚህ ላይ ነው፤ እግራችን ወደ ውኃው ዳር የሚደርሰው ዕውቀታችን ሳይደርስ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል። ከእነዚህም ከአራቱ አንዱ ያህል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤም በዚያው ዓመት በየዓመቱ ጁላይ 25፥ ማለትም ሐምሌ 18 ቀን፥ የመስጠም አደጋ መከላከያ ቀን ሆኖ እንዲታሰብ ወስኗል።

እንግዲህ በቅድሚያ ልናውቀው የሚገባን የሚሰጥም ሰው ምን እንደሚመስል ነው። ብዙዎቻችን የሚሰጥም ሰው የሚጮኽ፥ እጁንም እያወዛወዘ «ድረሱልኝ» የሚል ይመስለናል። ሆኖም ሰው የሚጮኸው ትንፋሽ ሲኖረው ነው። የሚሰጥም ሰው አፉ ከውኃው በላይ ብቅ በሚልባት ቅጽበት አየር ለመሳብ እንጂ ለመጮኽ ጊዜ አያገኝም፤ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ በዝምታ ይሰጥማል። ሕፃንማ ወላጆቹ በሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጠው ሲጨዋወቱ ድምፅ ሳያሰማ ሊያልፍ ይችላል። ትንሽ ልጅ ይዛችሁ ወደ ውኃ ስትሄዱ ልጁ እጃችሁ ከሚደርስበት አይራቅ፤ ጠባቂውም ማን እንደ ሆነ በስም ይታወቅ። «ሁላችንም እናየዋለን» የተባለውን ልጅ ማንም አላየውም ማለት ነውና።

ሁለተኛው ቁም ነገር ውኃ ሁሉ አንድ ዐይነት አለመሆኑ ነው። ሆራና ባቦጋያን የመሳሰሉ የቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠሩ ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ ናቸው። ዳርቻቸው እንደ ገበታ የተዘረጋ ሳይሆን ወደ ውስጥ ቁልቁል የሚወርድ ስለ ሆነ፥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ የቆመ ሰው ጥቂት ሲራመድ መሬቱን ሊያጣው ይችላል። በሐዋሳ ሐይቅ ጉማሬ፥ በጫሞ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ደግሞ አዞ አለ። ስለዚህ ወደማያውቁት ውኃ ከመግባት አስቀድሞ የአካባቢውን ሰው «ወንድሜ፥ በየት በኩል ነው የሚዋኘው?» ብሎ መጠየቅ ከውርደት አይቈጠርም።

ለዐይን የማይታይም አደጋ አለ፤ እርሱም ብልሃርዝያ ነው። የዚህ በሽታ ትል በቀንድ አውጣ ውስጥ ካደገ በኋላ ወደ ውኃው ወጥቶ በሰው ቆዳ በኩል ይገባል። ቀንድ አውጣዎቹም ቀስ ብሎ በሚፈስ ወይም በረጋ ውኃ፥ ሣርና ቄጠማ ባለበት ዳርቻ ይኖራሉ። ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ማየታቸውና የእንዶድን ኃይል ለዓለም ማስታወቃቸው አይረሳም። ቄጠማ በበዛበት ዳርቻ አትዋኙ፤ ገብታችሁ እንደ ሆነም ለሐኪም ንገሩ። በሽታው በጊዜ ከታወቀ በኪኒን ይድናል።

አሁን ከሁሉ ወደሚያሳዝነው እንምጣ። ሰው ሲሰጥም ያየ ወንድም ወይም አባት ሳያስብ ዘሎ ይገባል። የሚሰጥመው ሰው በድንጋጤ ያገኘውን ሁሉ ስለሚጨብጥ የረዳቱን አንገት አንቆ ይዞት ይወርዳል፤ አንዱ ለቅሶ ሁለት ይሆናል። ስለዚህ የማዳን ሥራ የሚጀመረው ከየብስ ነው። ለእርዳታ ጩኹ፤ በደረታችሁ ተኝታችሁ ረጅም እንጨት ወይም ጋቢ ዘርጉለት፤ ካልደረሰም ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን በገመድ አስራችሁ ወርውሩለት። በየቤታችን የሚገኘው ጀሪካን ሰውን በውኃ ላይ ለማንሳፈፍ ይበቃል፤ ወደ ሐይቅ ስትጓዙ ከምሳው ጋር በመኪና ውስጥ ይቀመጥ።

ከውኃው የወጣው ሰው የማይነቃና የማይተነፍስ ከሆነ ዘቅዝቆ መያዝ ወይም ሆዱን መጫን ጊዜ ያባክናል እንጂ አይጠቅመውም። በደረቅ መሬት ላይ በጀርባው አስተኙት፤ ራሱን ወደ ኋላ ቀና አድርጋችሁ አፍንጫውን በመያዝ በመጀመሪያ በአፉ ትንፋሽ ስጡት። ከዚያም የደረቱን መካከል 30 ጊዜ በኃይልና በፍጥነት ተጫኑ፤ 2 ጊዜ ትንፋሽ ስጡ፤ እርዳታ እስኪደርስ ይህን አታቋርጡ። ቢነቃም እንኳ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ለሚገጥመን ከመድረስ ግን አስቀድሞ መሰናዳት ይሻላል። ዋናን ጥልቀቱ በታወቀ መዋኛ ገንዳ፥ ከአስተማሪ ዘንድ ተማሩ፤ ልጆቻችሁንም አስተምሩ። ብቻችሁን አትግቡ። ጥልቀቱን ወዳላወቃችሁት ውኃ በራሳችሁ አትወርወሩ። መጠጥ ከቀመሳችሁ ውኃውን በዐይናችሁ ብቻ ተደሰቱበት። በጀልባ ስትሳፈሩ የሚያንሳፍፈውን ጃኬት በመቀመጫ ሥር ሳይሆን በደረታችሁ ላይ እሰሩት።

ክቡራንና ክቡራት አድማጮች፤ ውኃ በጠባዩ ጠላት አይደለም፤ ቸልታን ግን ይቅር አይልም። የሚመጣው ዕረፍት ወደ ሐይቅ የሚወስዳችሁ ከሆነ ከቤት ስትወጡ የቈጠራችሁት ቤተሰብ ስትመለሱም ሳይጎድል ይቈጠር ዘንድ ምኞታችን ነው።

በቸር ያሰንብተን።