ጫጩቶቹ ከመድረሳቸው በፊት ቤቱ ይሙቅ
(በደብረ ታቦር ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ከሩቅ ታዝዘው በካርቶን ስለሚመጡ የአንድ ቀን ጫጩቶች አቀባበል ነው። ብዙዎቻችሁ «የትኛው ዘር ይሻላል?» ትላላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል በመረጣ ሲሻሻል የቆየው የአገራችን ሆሮ አለ፤ በደቡብ አፍሪካ የተዳቀለው ኮኮክ አለ፤ ከግብፅ የመጣው ፋዩሚም አለ። ነገር ግን ዘሩ ምንም ቢሆን ጫጩት የመጀመሪያውን ሌሊት ብርድ አይችልም።

ይህን የተማርሁት በራሴ ጥፋት ነው። ሥራ በጀመርሁበት ዓመት አንዲት እናት የበጋቸውን ዋጋ አውጥተው 50 ጫጩት አስመጡ። እኔም ስለ መኖው አስረድቼ ሄድሁ። በማግሥቱ ብመለስ 19ኙ ጥግ ላይ ተደራርበው ሞተዋል። እሳቸውም፣ «ልጄ፣ ምግቡን አስተማርኸኝ፤ ስለ ሌሊቱ ግን አልነገርኸኝም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጫጩት ስትፈለፈል በሆዷ የቀረው የእንቁላል አስኳል ሁለት ቀን ያህል ያቆያታል። መንገዱን የምትችለውም ስለዚህ ነው። የሰውነቷን ሙቀት ግን ገና መጠበቅ አትችልም። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በወረታ በኩል የሚመጣው መኪና ከ1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ወደ 2,700 ሜትር ያህል ይወጣል። ጫጩቶቹም የሚወርዱት የጉና ነፋስ ወደሚነፍስበት አገር ነው። በእናት ክንፍ ሥር የምታድር ጫጩት ትሞቃለች፤ የካርቶኗ ጫጩት ግን ከእናንተ በቀር እናት የላትም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ።

አንደኛ፤ ካርቶኑ ከመድረሱ ከጥቂት ሰዓታት በፊት ነፋስ የማይገባበትን ቦታ አጽዱ፤ ደረቅ ገለባ አንጥፉ፤ አሙቁትም። በመጀመሪያው ሳምንት በጫጩቶቹ ቁመት ላይ ሙቀቱ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይሁን፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀንስ። መብራት ከሌለ ሙቅ ውሃ የሞላ ጀሪካን በጨርቅ ጠቅልላችሁ በመካከላቸው አኑሩ፤ ሌሊትም ተነሥታችሁ ለውጡት። ዙሪያውን ገለባ የታጨቀበት ሣጥንም የጫጩቶቹን የራሳቸውን ሙቀት ይይዛል፤ ነገር ግን አየር መግቢያ ይኑረው። በተዘጋ ቤት ከሰል አታንድዱ፤ ጋዙ ጫጩትንም ሰውንም ይገድላል።

ሁለተኛ፤ አስቀድማችሁ ለብ ያለ ውሃ ስጡ። የጥቂቶቹን አፍ ቀስ ብላችሁ ንከሩ፤ ሌሎቹ አይተው ይጠጣሉ። እንዳይሰጥሙ በሳሕኑ ውስጥ ጠጠር ጨምሩ። ከዚያ የጫጩት መኖ በወረቀት ላይ በትኑላቸው። ማታ ከአንገታቸው ሥር ያለውን የእህል ከረጢት ዳብሱ፤ ባዶ የሆነባትን ለይታችሁ አብሏት።

ሦስተኛ፤ ቴርሞሜትር ባይኖራችሁ ጫጩቶቹን ተመልከቱ። ተደራርበው ከጮኹ በርዷቸዋል፤ ከሙቀቱ ሸሽተው አፋቸውን ከከፈቱ በዝቶባቸዋል፤ ተበታትነው ከበሉና ከተኙ ደኅና ናቸው።

አራተኛ፤ ከአሮጌ ዶሮዎች ጋር አትቀላቅሏቸው። ለፈንግል ክትባት የእንስሳት ጤና ባለሙያውን ቀን አስይዙት። ሸለምጥማጥ የሚገባበትንም ቀዳዳ ድፈኑ።

እናንተ የልማት ሠራተኞች ሆይ፣ ጫጩት አከፋፍላችሁ ብቻ አትሂዱ። ካርቶኑ ሳይመጣ የገበሬውን ቤት እዩ፤ ሙቀቱ ካልተዘጋጀ ቀኑን አስተላልፉ። በማግሥቱም ተመልሳችሁ ጎብኙ። የበግ ዋጋ የሚድነው ወይም የሚጠፋው በዚያ በአንድ ሌሊት ነውና።