ኰልታፋና ተብታባ፦ በሚንተባተቡ ሕፃናት ዘንድ የድምፆች እድገት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




አማርኛ ስለ አንደበት ችግር ሲናገር ሁለት ቃላትን ለይቶ ይይዛል። «ኰልታፋ» የሚባለው አንዱን ድምፅ በሌላው የሚተካ፣ «ራሴን» ለማለት «ላሴን»፣ «ቆሎ» ለማለት «ኮሎ» የሚል ነው። «ተብታባ» የሚባለው ደግሞ ድምፁን ሳይስት ቃሉ አልወጣ የሚለው፣ መነሻውን የሚደጋግም፣ የሚጎትት ወይም ጨርሶ የሚታገትበት ነው። ሕዝቡ በጆሮው ብቻ መዝኖ ያወጣው ይህ ልዩነት በሙያችን ከምንሠራበት ክፍፍል ጋር ይስማማል። ይሁን እንጂ ቃላቱ መለያየታቸው ችግሮቹ በአንድ ሰው ላይ አይገናኙም ማለት አይደለም። የኦሪት ዘጸአት የአማርኛ ትርጉም በምዕራፍ 4 ሙሴን በሁለቱም ቃላት በአንድነት መግለጹን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ይኸው ነው፤ የሚንተባተብ ትንሽ ልጅ ድምፆቹንም ገና ያላስተካከለ ሲሆን ምን እንረዳለን? ምንስ እናደርጋለን?

መንተባተብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በ2 እና በ4 ዓመት ዕድሜ መካከል ነው። ይህ ወቅት ልጁ ቃላትን አያይዞ ዐረፍተ ነገር መሥራት የሚጀምርበት፣ የድምፆችም ሥርዐት በአፉ ገና የሚደላደልበት ነው። ስለዚህ የ3 ዓመት ልጅ እየተንተባተበ «ረ»ንም ቢስት፣ ስሕተቱን ወዲያው ከሕመም መቁጠር አይገባም። በልዩ ልዩ ቋንቋዎች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ልጆች አብዛኞቹን ተነባቢዎች የሚያስተካክሉት እስከ 5 ዓመት ገደማ ባለው ጊዜ ነው። ለእንግሊዝኛ የተዘጋጀውን የዕድሜ ሠንጠረዥ እንዳለ ገልብጦ ለኛ ልጆች መጠቀም ግን ስሕተት ላይ ይጥላል፤ እንግሊዝኛ እንደ «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ቀ» እና «ጸ» ያሉ በጉሮሮ ታፍነው የሚፈነዱ ድምፆችን ከፊደሉ አልቈጠረምና።

በአማርኛ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ ሌላም ነገር አለ። መጥበቅና መላላት ትርጉም ይለውጣል፤ «ዋና» ላልቶ ሲነገር የውኃ ዋና፣ ጠብቆ ሲነገር ቀዳሚ ማለት ነው። በቃል መነሻ ላይ ያለ ድምፅ ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ልጁ «ስስስሰማይ» ሲል ርዝመቱ ቋንቋው የማያውቀው ነውና ጆሮ ወዲያው ይይዘዋል። በቃል መካከል የጎተተው ድምፅ ግን እንደ ጠበቀ ተሰምቶ ሊያልፍ፣ ወይም የአነጋገር ስሕተት ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ልጁ ያንኑ ቃል በሌላ ጊዜ ያለ ችግር አላልቶ ከተናገረው፣ የሰማነው መጐተት እንጂ መኰላተፍ እንዳልነበረ መጠርጠር ይገባናል።

ስለ ሁለቱ ችግሮች መገናኘት ቀደም ሲል ይነገር የነበረው አኃዝ ከመቶ 30 እስከ 40 ይደርስ ነበር። ማሪሊን ኒፖልድ እ.ኤ.አ. በ1990 ማስረጃውን መርምራ ጥንካሬውን ተጠራጥራዋለች። እኔም ጥርጣሬውን እጋራለሁ፤ ወደ ባለሙያ ፈጥኖ የሚመጣው ሁለት ችግር የተደራረበበት ልጅ ነውና፣ በክሊኒክ የተቈጠረው በየቤቱ ካለው ይበልጣል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ኤሁድ ያይሪና ኒኮሊን አምብሮዝ ያካሄዱት የረጅም ጊዜ ክትትል ነው። ኢሌን ፔደን ከሁለቱ ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣችው ጽሑፍ መንተባተብ ከጀመሩ ብዙ ያልቈዩ 84 ሕፃናት ተመርምረዋል። ከነዚህ ውስጥ 62ቱ ከጊዜ በኋላ መንተባተቡ ለቀቃቸው፤ 22ቱ ግን ቀጠሉ። በመጀመሪያው ምርመራ እነዚህ 22 ልጆች በድምፆች እድገት በአማካይ ከሌሎቹ ወደ ኋላ የቀሩ ነበሩ። የሚሄዱበት መንገድ ግን ያው የሌሎች ልጆች መንገድ ነበር፤ የዘገዩ እንጂ የሳቱ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ልዩነቱ እንደ ጠበበና የጎላ መሆኑ እንደ ቀረ አመለከተ።

ከዚህ ሁለት ነገር እረዳለሁ። የድምፆች መዘግየት በመነሻው ጊዜ ልጁን በቅርብ እንድንከታተል የሚያሳስብ ምልክት ነው፤ ነገር ግን የብዙዎች አማካይ ስለሆነ በአንድ ልጅ ላይ ፍርድ አይሰጥም። ሁለተኛም ድምፆቹ ሲቃኑ መንተባተቡ በነዚያ ልጆች ላይ ቀርቷል። ስለዚህ «ረ»ን ብናስተካክልለት መንተባተቡም አብሮ ይለቀዋል ብለን ለወላጅ ተስፋ መስጠት አይገባንም።

በአንጻሩ ድምፅን ማረም መንተባተብን ያመጣል የሚለው ፍርሃት አሁንም በብዙዎች ዘንድ አለ። ፍርሃቱ በከፊል የሚመነጨው ወላጅ የልጁን ተራ መደናቀፍ መንተባተብ ብሎ በመሰየሙ ችግሩ ይፈጠራል ካለው ከአዮዋው ዌንዴል ጆንሰን ነው። ተማሪው ሜሪ ቱዶር እ.ኤ.አ. በ1939 በ22 የሙት ልጆች ማሳደጊያ ሕፃናት ላይ ሙከራ አድርጋ፣ ከፊሎቹን አነጋገራቸው መጥፎ እንደ ሆነ ትነግራቸው ነበር። ዩኒቨርሲቲው ስለዚህ ሥራ ይቅርታ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። አምብሮዝና ያይሪ በ2002 መረጃውን እንደገና ሲመረምሩ መንተባተብ ለመፈጠሩ ማስረጃ አላገኙበትም። ልጆቹ መሸማቀቃቸውና ከመናገር መቈጠባቸው ግን ተመዝግቧል። እናቶችን ከማያውቁት በደል ነፃ የሚያወጣ፣ እኛን ደግሞ ስለ አነጋገራችን የሚያስጠነቅቅ ታሪክ ነው።

ታዲያ ድምፁን የምናቃናው እንዴት ነው? ባርባራ ሆድሰንና ይህችው ፔደን እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት መጽሐፍ የዘረጉት ዘዴ ለነዚህ ልጆች የሚመች ይመስለኛል። አንዱ የድምፅ ሥርዐት ፍጹም እስኪሆን ድረስ አይቈይበትም፤ ለጥቂት ጊዜ ተሠርቶበት ወደ ሌላው ይታለፋል፣ በዙርም ይመለሱበታል። በየስብሰባው መጀመሪያና መጨረሻ ልጁ እንዲያዳምጥ ብቻ ቃላቱ ይነበቡለታል። ጆሮው ሲጠግብ አፉ ይከተላል ከሚል አሳብ የተነሣ ነው። ልጁ በጣም በሚንተባተብበት ቀን ማዳመጡን ማብዛት፣ የማስባሉን ልምምድ መቀነስ ይቻላል።

የሕፃናት መምህራን ለሆናችሁት አባሎቻችን ነገሩ ከዚህም ይቀላል። ልጁ «ኮሎ ስጪኝ» ሲል፣ «ድገመው» ወይም «ቀስ በል» ከማለት ይልቅ «ቆሎ ነው የፈለግኸው? ይኸውልህ ቆሎ» ብሎ መስጠት ነው። ቃሉን ሲጀምር ቢታገት ሳይሞሉለት ዓይኑን እያዩ መጠበቅ። የኰልታፋን አንደበት እያስመሰሉ መሳቅ በኛ ዘንድ የፍቅር ምልክት ነው፤ ለሚንተባተበው ልጅ ግን ሳቁ የትኛውን ችግሩን እንደ ነካ መለየት አይሆንለትም፤ ስለዚህ ባይደረግ እመርጣለሁ።

በመዝገባችሁም ሁለቱን በየዓምዳቸው ጻፏቸው፤ የተሳተው ድምፅ በአንድ ወገን፣ የተደጋገመው ወይም የተጎተተው በሌላ። መንተባተቡ የጀመረበትን ወር፣ በቤተሰቡ ሳይለቀው ያደገ ሰው መኖሩን፣ ልጁ ወንድ ወይም ሴት መሆኑንም ጨምሩ። ከአራቱ ሦስቱ ያህል ያለ ሕክምና ይለቃቸዋል። ይሁን እንጂ መንተባተቡ ዓመት የሞላው፣ በቤተሰቡም ያደረበት ወንድ ልጅ ድምፆቹም የዘገዩበት ከሆነ፣ እስከ ትምህርት ቤት መግቢያው ሳይጠበቅ ወደ ንግግር ሕክምና ባለሙያ ይላክ።